በጉድጓዱ አፍ ላይ የያዘችኝ ሴት

ተወልጄ ያደግሁት ሚዛን አጠገብ ባለችው አማን ከተማ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ እናቴም እዚያው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየሸጠች አሳደገችን። ከኮሌጅ ስወጣ ሥራ ያገኘሁት ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወንዝ አጠገብ በተሠራ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበር። ገበሬው የለቀመውን ቀይ እሸት ቡና ከቀትር በኋላ ያመጣል። ማሽኑ ልጣጩን ይፈለፍላል፣ ፍሬው ገንዳ ውስጥ ቆይቶ ይታጠባል፣ ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ የፈረቃ አለቃ ሆንኩ። ሥራዬን አውቃለሁ ብዬም እኮራ ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ስለማልኮራበት ቀን ነው። ደግሞም በዚያ ቀን ሕይወቴን ስላተረፉልኝ ሰዎች።

እሸት የሚፈለፈለው በውሃ ነው። ልጣጩን አጥቦ የሚወጣው ውሃ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ስኳር አለው፣ ሁለት ቀን ከቆየ ይሸታል። ይህ ፍሳሽ መጠራቀም የነበረበት ከጣቢያው በታች በተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እኛ ግን አንድ ልማድ ነበረን። በጉድጓዱ ጠርዝ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቦይ አለ፤ አፉ በሳንቃ የተዘጋ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ ሳንቃውን ብድግ እናደርገዋለን፤ ፍሳሹ ወደ ወንዙ ይሄዳል። እኔም በገዛ እጄ ብዙ ጊዜ አንስቼዋለሁ። ከወንዙ በታች የሚኖሩ ሰዎች ከብቶቻቸው ውሃውን አሽትተው እንደሚመለሱ፣ ልጆቻቸውን ገላቸውን እንደሚያሳክካቸው ሊነግሩን በር ድረስ መጥተው ያውቃሉ። "ዝናብ ሲመጣ ያጥበዋል" እያልን እንመልሳቸው ነበር።

አንድ ክረምት ማብቂያ፣ ለቀማው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የጣቢያው ባለቤት አዲስ መካኒክ ቀጠረ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ የሚዛን ሰው ናቸው። አባታቸው ከጎጃም ተመድበው የመጡ መምህር ነበሩ። እሳቸው ግን በወጣትነታቸው ከአገር ወጥተው አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ባሕር ላይ አሳልፈዋል። ይሠሩ የነበረው ከባሕሩ መሃል ነዳጅ ለሚያወጡ ሠራተኞች ምግብ፣ ውሃና ቧንቧ በምታመላልስ መርከብ ላይ ነው። እናታቸው ሲታመሙ ለማስታመም መጡ፤ በዚያው ቀሩ። "መርከበኛው" አልናቸው። ባሕር በሥዕል እንጂ በዓይን ባልታየበት አገር ስሙ ለቀልድ የወጣ ነበር። እሳቸው አልተቀየሙም።

ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ሳይናገሩ ጣቢያውን ዞሩት። በአራተኛው ጠዋት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ሁላችንንም ማሽኑ አጠገብ ሰበሰቡን።

"ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ሊጎዳ የሚችለው የት ነው?" ብለው ጠየቁ።

አንዳንዱ ሳቀ።

"ባሕር ላይ ሳለን በየቀኑ ይሄን ሳንጠይቅ ሥራ አንጀምርም ነበር" አሉ። "ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፤ ሰው ከተጎዳ የሚደርስለት የለም። ስለዚህ ሳይጎዳ ነው የምንደርስለት። እዚህም ያው ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እንቆም ነበር። ትምህርታቸው አጭር ነው፤ ሳይሰለቹ ይደጋግሙታል። ማሽን ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ ፊውዙን ነቅሎ በራሱ ኪስ ይይዛል። ሴቶች ሻሻችሁን አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ጫፉ ወደ ቀበቶው እንዳይሄድ። አደጋ ያየ ሁሉ፣ የቀን ሠራተኛም ቢሆን፣ እጁን ያንሳ፤ ሥራ ይቆማል፤ ማንም አይቆጣውም። በመጨረሻም ጣታቸውን ከጣቢያው በታች ወዳለው ጉድጓድ ቀስረው እንዲህ ይሉ ነበር፦

"የታፈነ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ ገዳይ ነው፤ አይታይም። ክዳኑ ተከፍቶ ብዙ ሳይናፈስ፣ ያለ ገመድ፣ ብቻውን የሚገባ አይኑር። ሰው ውስጥ ወድቆ ካያችሁ ደግሞ ተከትላችሁ አትግቡ። በገመድ ሳቡት። ከውጭ ሳቡት።"

እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር የምሰማቸው። እሸት ቡና በመጣበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ለእኔ ከዚያ በላይ አደጋ አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት የቦዩን ሳንቃ አንስቼ ቆሜ አገኙኝ።

"ይሄን ውሃ ወዴት ነው የምትለቂው?"

"ወንዝ፣ ጋሼ።"

"ከወንዙ በታች ማን አለ?"

"ሰው አለ" አልኩ።

ሳንቃውን ራሳቸው መለሱት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አወሩኝ። መርከባቸው ለሌላ መርከብ ነዳጅ ስትሰጥ አስቀድመው በወለሏ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ሁሉ በውታፍ ይደፍኑት ነበር። ጠብታ ካመለጠች ወደ ባሕር ሳትወርድ በጨርቅና በሰጋቱራ ትነሳለች። "አንድ ቀን ጣት የምታህል ዘይት ፈሰሰችና ሥራ ቆመ" አሉኝ። "አዲስ ነበርኩ። ለመርከቡ ሠራተኞች አለቃ 'ይሄ ሁሉ ባሕር ላይ ይቺ ምን ታደርጋለች?' አልኩት። ጨርቁን ሰጠኝ።"

ከባለቤቱ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም። በወሩ ውስጥ ግን ከላይ በኩል ሁለተኛ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ዙሪያው ሥረ ረጅም ሣር ተተከለበት፣ የቦዩ አፍ በድንጋይና በሲሚንቶ ተደፈነ። ከታችኛው ጉድጓድ ወደ ላይኛው ፍሳሹን የሚገፋ ፓምፕም ተገጠመ። ፓምፑ የተቀመጠው ጠበብ ባለና ሁለት ሰው ያህል በሚጠልቅ የሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ መውረጃው መሰላል። መርከበኛው ፓምፑ ውጭ እንዲሆን ፈልገው ነበር፤ በቂ ቧንቧ ስላልተገኘ ለዚያ ዓመት እንዲሁ ቀረ።

ለፓምፑ የተመደበው ሠራተኛ ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ የነበረ የሸኮ ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ የአራት ልጆች አባት። አብረን ብዙ ዓመት ሠርተናል። "ባሕር የሌለበት አገር መጥተው ባሕር ያወሩብናል" ስለው ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር።

አልጋዎቹ ላይ ከሚደርቀው ቡና መጥፎውን ፍሬ ከሚለቅሙ ሴቶች መካከል ደግሞ አንዲት የቤንች ሴት ነበረች። ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች። አማርኛዋ ብዙም አልነበረም፤ በጠዋቱ ስብሰባ ከኋላ ቆማ ወደ ሌላ ቦታ እያየች ነው የምትውለው። የምትሰማም አይመስለኝም ነበር።

ያ ቀን የደረሰው ለቀማው በጋለበት ወቅት ነው። ጠዋት መርከበኛው ለፓምፑ የሚሆን ጎማ ፍለጋ ወደ ቴፒ ሄዱ። ሲነሱ ጠሩኝና፣ "ፓምፑ ድምፁ አላማረኝም። ከቆመ ማሽኑን አቁሚ። እኔ ሳልመለስ ወደዚያ ጉድጓድ ማንም አይውረድ" አሉኝ።

"እሺ፣ ጋሼ" አልኩ።

ከቀትር በኋላ ፓምፑ ቆመ። ታችኛው ጉድጓድ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። በር ላይ ሁለት አይሱዙ ሙሉ እሸት ቆሟል፤ ገበሬዎችም በአህያ ጭነው ሌላ ያመጣሉ። ለባለቤቱ ስደውል ኔትወርክ የለም። ማሽኑን ማቆም ነበረብኝ። ማቆም ብቻ ነበር የተጠየቅሁት። እኔ ግን ወደ ፓምፑ ሠራተኛ ሄድኩና፣ "ልጣጭ ገብቶበት ነው። ወርደህ አውጣው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም" አልኩት።

አየኝ። "ጋሼ ማንም አይውረድ ብለዋል።"

"አለቃው እኔ ነኝ" አልኩ።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ለብቻዬ እንደደገምኩት አልቆጠርኩም። አልተከራከረኝም። ቆርቆሮውን አነሳና ወደ ዕቃ ቤት ሄዶ ገመድ ይዞ ተመለሰ። ማንም ሳያዘው በብብቱ ሥር አዙሮ ራሱን አሰረ፣ ጫፉን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"አለቃ፣ ይሄን አትልቀቂ" አለኝና ወረደ።

ብረት በብረት ሲመታ ሰማሁ፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጠራሁት፤ መልስ የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ፓምፑን ተደግፎ ተቀምጧል፣ ውሃው ወገቡ ድረስ ደርሷል፣ ራሱ ደረቱ ላይ ወድቋል።

ገመዱን ለቀቅሁት። አትልቀቂ ያለኝን ለቅቄ እግሬን መሰላሉ ላይ አደረግሁ። በዚያ ሰዓት የታዩኝ አራት ልጆቹ ብቻ ነበሩ። ሁለት ደረጃ ወርጄ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ አንድ እጅ የጋዋኔን አንገት ከኋላ ጨምድዶ ይዞ ወደ ላይ ጎተተኝ። በጀርባዬ መሬት ላይ ወደቅሁ። ቀና ስል ያቺ የቤንች ሴት ናት።

"አትግቢ" አለች።

"ልቀቂኝ፤ ይሞታል።"

"ገብተሽ ሁለት ይሞታል። ገመድ አለ። ሁላችን፣ ገመድ።"

አንድ እጇ እኔን እንደያዘ በሌላው ገመዱን አነሳች። ወደ አልጋዎቹ ዞራ በቤንችኛ ጮኸች። ሴቶቹ ቡናውን ጥለው ሮጡ፤ ጭነት ያመጡ ገበሬዎችም መጡ። ተደርድረን ሳብን። መሃል ላይ መሰላሉ ያዘውና አልንቀሳቀስ አለ። እሷ "ቀስ" አለች፤ ላላ አድርገን እንደገና ሳብን። ራሱ ብቅ ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከጉድጓዱ አፍ አርቀን ነፋስ ያለበት ቦታ አስተኛነው። መርከበኛው አንድ ጠዋት አንዳችንን መሬት ላይ አስተኝተው እንዳሳዩን፣ እሷ ትከሻውን ይዛ በጎኑ አዞረችው። የቆየው ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ አሳለው።

እሸት ያመጣው አይሱዙ ላይ ጭነነው ወደ ሚዛን ከነፍን። ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። መንገዱ እየናጠን አጋማሽ ላይ ስንደርስ ዓይኑን ገለጠና፣ "ፓምፑ ሠራ?" አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉለት። ሐኪሙ ይተርፋል ሲለን ሚስቱ ደርሳ ነበር። እጄን ይዛ ስታመሰግነኝ ምድር ብትውጠኝ ወደድኩ። ወደ ውስጥ የላክሁት እኔ መሆኔን ነገርኳት። እጇን አልወሰደችም። "አብረሽው መጥተሻልኮ" አለችኝ።

መርከበኛው ከቴፒ ተመልሰው ወሬውን ሰምተው፣ የገዙትን ጎማ በእጃቸው እንደያዙ መጡ። ሳይጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ገመዱን ማን አሰረለት?"

"ራሱ።"

"አንቺንስ ማን ያዘሽ?"

ማን እንደሆነች ስነግራቸው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከዚያ ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገሩኝ። መርከባቸው ላይ የመልሕቁ ሰንሰለት የሚጠራቀምበት ጠባብ ክፍል ነበር። ተዘግቶ ሲቆይ ዝገቱ አየሩን ይበላዋል። አንድ ጓደኛቸው ገብቶ ወደቀ። ሁለተኛው ሊያወጣው ዘሎ ገባ። ሁለቱም አልወጡም።

"ሦስተኛው እኔ ነበርኩ" አሉ። "ደረጃው ላይ ደርሼ ነበር። የመርከቡ ወጥ ሠሪ በቀበቶዬ ይዞ አስቀረኝ። ተናድጄ መታሁት። ቀጥሎ በደረስንበት ወደብ ወርዶ ሄደ፤ አላመሰገንኩትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንቺ እንዳይቀርብሽ።"

በማግስቱ ጠዋት በስብሰባው ላይ ባለቤቱም ነበር። ሁሉም በሰሙበት ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ምን ታዝዤ ምን እንዳደረግሁ፣ "አለቃው እኔ ነኝ" ማለቴንም ጭምር። ባለቤቱ በጣም ተቆጣ፤ ልታሰናበት እንደሆነ ገባኝ። መርከበኛው ግን ጣልቃ ገቡ።

"ካባረርካት ነገ የሚሳሳት ሁሉ ይደብቃል" አሉት። "የተደበቀ ስሕተት ነው ሰው የሚገድለው።"

ባለቤቱ አላባረረኝም። ከአለቅነት አንስቶ እስከ ወቅቱ ማብቂያ ከሴቶቹ ጋር አልጋ ላይ ቡና እንድለቅም አደረገ። በዚያው ሰሞን የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። ለካ እኛ ሆስፒታል ስንሮጥ ገበሬዎቹና ሴቶቹ ያልተፈለፈለውን እሸት እንዳለ አልጋ ላይ አስጥተውት ኖሯል፤ ከነልጣጩ ደርቆ ጀንፈል ሆኖ ተሸጠ። ሰው ጉድጓድ የሰደድኩት ይበላሻል ብዬ በሠጋሁለት ቡና ነው፤ መላው ግን ከፊቴ ነበር።

አልጋው ላይ ያሳለፍኩትን ጊዜ እንደ ቅጣት ማየት ያቆምኩት በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ያቺ ሴት ጎኔ ቆማ ትሠራ ነበር። መጥፎውን ፍሬ ሳታይ በጣቷ ታውቀዋለች። ቤንችኛ ስጀምር እየሳቀች ታርመኛለች፤ እኔም አማርኛዋን አርማለሁ። አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር ቤቷ ሄድን። ቤቷ ሸዋ ቤንች ከምትባለው ከተማ መዳረሻ፣ እንሰትና ቡና መሃል ነው። እናቴ ከሱቋ ጥሩ ጋቢ መርጣ ይዛለች። ስትሰጣት ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን "ልጄን" የሚል ብቻ ነው፤ ሌላው ቀረ። ሴትየዋ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የተቀቀለ ቦዬ፣ ድንች የመሰለውን የአገሩን ሥራ ሥር፣ በሚጥሚጣ አቀረበችልን።

እየበላን፣ ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኋት። "በስብሰባው ላይ የሚባለው ይገባሽ ነበር?"

"ሁሉ አይገባኝም" አለች። "የገባኝን ማታ ለልጆቼ በእኛ ቋንቋ እነግራለሁ። ለልጅ ሲነግሩ አይረሳም።"

ትልቁ ልጇ፣ "የወደቀን ተከትለህ አትግባ፣ በገመድ ሳብ" ብሎ በአማርኛ አለልን። እናቱ ሳቀች። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ከፊት ቆሜ ስሰማው የነበረውን ነው እሷ ከኋላ ቆማ ወደ ቤቷ ስትወስደው የነበረው። አመሰገንኳት። ተጨማሪ ቦዬ አወጣችልኝ።

የፓምፑ ሠራተኛ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሳሉ እስኪለቀው ጊዜ ወሰደ። ጠባቡ ጉድጓድ በድንጋይ ተሞላ፤ ፓምፑ ውጭ ሜዳ ላይ ተቀመጠ፤ ዛሬ ማንም ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት የለም። በቀጣዩ ዓመት የአለቅነቱን ቦታ መለሱልኝ። የጠዋቱ ስብሰባ አሁን በሁለት ቋንቋ ነው፤ ቤንችኛውን የምትናገረው ያቺው የቤንች ሴት ናት። ከወንዙ በታች ያሉት ሰዎችም አሁን ወደ በራችን የሚመጡት ሥራ ለመጠየቅ ነው።

መርከበኛው ጉልበታቸው ስለደከመ ሥራ ትተው ሚዛን ቤታቸው ተቀምጠዋል። አልፎ አልፎ እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ባሕር ሳያወሩ የምንለያይበት ቀን ጥቂት ነው፤ አሁን ሰዓቴን አላይም።

ባለፈው ዓመት የፓምፑ ሠራተኛ የመጀመሪያ ልጁን ዳረ። ሁላችንም ተጠራን። ግቢው ውስጥ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ዳስ ተጥሎ፣ ቦርዴና ጠጅ ይዞርበት ነበር። እኔንና የቤንቿን ሴት ከመርከበኛው ጋር ከሙሽራዋ አክስቶች መካከል አስቀመጡን። አማቾቹ እነማን እንደሆንን ጠየቁ። ዝምተኛው ሰውዬ ተነስቶ ቆመ። ብዙ ያወራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ አላወራምም።

"ዘመዶቼ ናቸው" አለና ጠጅ እንዲቀዳልን አዘዘ።